ሦስት ጊዜ የሚሞት ጀግና
የጎንደር የሥዕል ታሪኮችና የዘመናችን ኮሚክ አንባብያን

ታሪክን በሥዕል መንገር፣ የተነገረውንም በዓይን መከታተል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ «ኮሚክ» በሚል የባዕድ ስም በወጣቶች እጅ የሚዘዋወረው፣ ገጹ በሳጥን በሳጥን የተከፋፈለው፣ ከሰው በላይ ኃይል ያለው ጀግና የሚመላለስበት መጽሐፍ በመልኩ እንግዳ ቢመስልም የሚያስነሣቸው ጥያቄዎች ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደሉም። ጠላቱ ማን ይሁን? ጀግናው ቢሞት ይነሣን? ለኃይሉስ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዞ አንባቢ በጀግና ታሪክ ውስጥ የሚወደውንና የሚጠላውን ለይቶ ማሳየት ነው። ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። ለልጆች የሚነገረውን ታሪክ ከሚመርጡት ሰዎች መካከል እኛ የማኅበሩ አባላት መምህራን ስለምንገኝበት፣ የምርጫችን መለኪያ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል።

ግድግዳው እንደ መጽሐፍ

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ ወዲህ ከተማዋ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የሠዓልያንና የጸሐፍት መሰብሰቢያ ሆና ኖራለች። የሥነ ሥዕል አጥኚዎች የዘመኑን አሣሣል በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው በ17ኛው መቶ ዓመት የሰፈነው ሲሆን፣ ቀለሙ ደማቅ፣ መስመሩም ግልጽ ነው። ሁለተኛው በ18ኛው መቶ ዓመት፣ በተለይም በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለመሰው ሲሆን፣ የፊትን ጥላና የልብስን ጌጥ በጥንቃቄ ያሳያል። በሁለቱም ዘመን የተሣሉት ሥዕሎች ታሪክን በቅደም ተከተል የሚተርኩ ናቸው። ሥዕሎቹ በረድፍ ይደረደራሉ፤ ሰማዕቱ በአንደኛው ክፍል ከንጉሥ ፊት ይቆማል፣ በሁለተኛው ይገረፋል፣ በሦስተኛው አክሊል ይቀበላል። በጎናቸው አጭር የግዕዝ ጽሑፍ ይታከልባቸዋል። ግዕዝ የማያነብበው ምእመን ካህኑ ሲያነብብ በጆሮው የሰማውን በግድግዳው ላይ በዓይኑ ያገኘዋል።

ሠዓልያኑ ከውጭ የመጣውንም አልናቁም። በሮም እ.ኤ.አ. በ1591 የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች ለጎንደር ወንጌል ሠዓልያን አርአያ ሆነዋል። ነገር ግን የአገራችን ሠዓልያን አርአያውን እንዳለ አልገለበጡትም፤ የበዛውን አቅልለው፣ መልኩንና ቀለሙን ወደ ራሳቸው ወግ መልሰው ሣሉት እንጂ። ስለዚህ የባዕድን የአሣሣል ዘዴ ወስዶ የራስን ታሪክ መንገር በጎንደር የቆየ ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

ጠላት አንድ ዓይን ብቻ ሲኖረው

በአገራችን የአሣሣል ወግ ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በኋላ ዘመን የዓድዋ ጦርነትን የሣሉ ሰዎችም ይህን ወግ ጠብቀው ኢትዮጵያዊውን በሙሉ ፊት፣ ጣልያኑን በጎን አሳይተዋል። ይህ ለተመልካች ታላቅ እርካታ የሚሰጥ ዘዴ ነው። ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ገና ከሩቅ ይታወቃል። የልዕለ ጀግና መጻሕፍት አንባቢም የጀግናውን ልብስና የደረት ምልክት የሚወደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ጠላት ሁልጊዜ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ከሆነ ታሪኩ ይሰለቻል። አባቶቻችን ይህንንም ያወቁ ይመስላል። በተአምረ ማርያም ከሚነበቡት ታሪኮች እጅግ የሚወደደው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ይህ ሰው ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ፣ ከዚህ የከፋ ሊባል የማይችል ወንጀለኛ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን በእመቤታችን ስም ለለመነው ለአንድ ድውይ ጥርኝ ውሃ ሰጠ። በፍርድ ቀን ሰባ ስምንቱ ነፍስ በሚዛኑ በአንድ ወገን፣ ያች ጥርኝ ውሃ በሌላው ወገን ተቀመጡ፤ በእመቤታችን አማላጅነትም ውሃዋ አመዘነች። ተመልካቹ በዚህ ሥዕል ፊት ሲቆም የሚይዘው የሰባ ስምንቱ ሰዎች ቁጥር ብቻ አይደለም። «በዚያ ሰው ልብ ውስጥ ያች ውሃ ከወዴት መጣች?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ የኮሚክ ደራስያን ወደዚህ ቦታ የደረሱት ቆይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈጠረው ማግኔቶ የተባለው ጠላት በመጀመሪያ ዓለምን ለመግዛት ከመመኘት በቀር ሌላ ጠባይ አልነበረውም። በ1980ዎቹ ግን ከናዚዎች የእልቂት ካምፕ የተረፈ ሰው ሆኖ ተጻፈ። ክፋቱ ባይሰረዝለትም ምክንያቱ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ አንባብያን አጥብቀው ከሚከታተሏቸው ባለታሪኮች አንዱ ሆነ። እንግዲህ አንባቢ የሚጠላው ክፉን ሰው ሳይሆን ባዶውን ክፉ ሰው ነው።

ሞትና ትንሣኤ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንለፍ። የልዕለ ጀግና መጻሕፍት አንባብያን ከሁሉ የበለጠ የሚያማርሩት የጀግናው ሞት ሞት ሆኖ አለመቅረቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የተፈጠረው ሱፐርማን በ1992 በታላቅ ማስታወቂያ ሞተ፤ በዓመቱ ተነሣ። ከዚህ የሚገርመው የባትማን ረዳት የሮቢን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 አሳታሚው «ይሙት ወይስ ይዳን?» ብሎ አንባብያን በስልክ ድምፅ እንዲሰጡ ጋበዘ። 5,343 ድምፅ ሞቱን፣ 5,271 ድምፅ ሕይወቱን መረጡ። በ72 ድምፅ ልዩነት ተፈረደበትና ሞተ። ከ17 ዓመት በኋላ ግን እርሱም ተመለሰ። አንባቢ «ለምን አለቀስሁ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ከዚህ ተነሥቶ «አንባቢ ትንሣኤን ይጠላል» የሚል ቢኖር ግን ወደ ጎንደር ይምጣ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ የሚታየው ቅዱስ ጊዮርጊስ በገድሉ እንደሚነገረው ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ ተነሥቷል። ሰባት ዓመት ተሠቃይቷል፤ ሥጋው ተፈጭቶ በደብረ ይድራስ ላይ ተበትኗል። ነገር ግን «ደግሞ ተነሣ!» ብሎ ያማረረ ምእመን አልተሰማም። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው?

በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጊዮርጊስ የሚነሣው ወደ ዕረፍት ሳይሆን ወደሚብስ መከራ ነው። እያንዳንዱ ትንሣኤ በዱድያኖስና በሰባው ነገሥታት ፊት እንደገና ያቆመዋል፤ ስለዚህ ትንሣኤው ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። ሁለተኛ፣ አራተኛው ሞት የመጨረሻ ነው። በሚያዝያ 23 ቀን አንገቱን ተሰይፎ አክሊሉን ይቀበላል፤ ታሪኩም ይዘጋል። ተመልካቹ የመጨረሻውን ሥዕል እያየ የመጀመሪያውን ትርጉም ያገኛል። የኮሚኩ ጀግና ግን የሚነሣው በሚመጣው ወር ሌላ መጽሐፍ መሸጥ ስላለበት ነው። ወደ ሕይወት ሲመለስ ምንም አይጎድልበትም፤ ታሪኩም መዝጊያ የለውም። አንባቢን የሚያስቀይመው ተአምሩ ሳይሆን ዋጋ የሌለው ተአምር ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ የሞተው

ስለ ዋጋ ከተነሣ፣ በጎንደርና በስሜን ደጋ ሥጋ ለብሶ የታየውን ጀግና ማለፍ አይቻልም። ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. በቋራ ተወልደው፣ ሸፍተው፣ መኳንንቱን አንድ በአንድ ድል ነሥተው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ማረኩ። ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህን የመሰለ አነሣሥ የትኛውም የኮሚክ ደራሲ ሊመኘው የሚችል ነው። በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ላይ የእንግሊዝ ጦር በሩን ሰብሮ ሲገባ ሽጉጣቸውን ጠጥተው አለፉ። ትንሣኤ አልነበረም። ስለሆነም ደራስያን ደጋግመው በብዕር አስነሥተዋቸዋል። የጎንደር ተወላጁ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ጽፈዋል፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም በመድረክ አሳይተዋቸዋል።

ነገር ግን በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል አንድ ሌላ ሥዕል አለ። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አዘረፉ፤ አቃጠሉም። የአብያተ ክርስቲያናቱ ንዋየ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከእሳቱ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን ባቃጠሉ ጊዜም ተርፏል። ከመቅደላ የተገኙትን መጻሕፍት ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ተከፋፈላቸው፤ 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። የጎንደር ሠዓልያን የጀግኖችን ታሪክ የሣሉባቸው መጻሕፍት ከአገር የወጡት በዚህ መንገድ ነው። ይህም ማለት የሥዕል ታሪኮቻችንን ከቤታቸው ያፈናቀለው ሥዕል የሚገባው ጀግና ራሱ ነው ማለት ነው።

ታዲያ የቴዎድሮስን ታሪክ በሥዕል ለልጆች የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ሥዕል ይተወው? ደረስጌን በደማቅ ቀለም፣ መቅደላን በገጹ ሙሉ ሥሎ ጎንደርን በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ባለው ነጭ ክፍተት ውስጥ ቢቀብረው ለጊዜው የሚደነቅ መጽሐፍ ይወጣው ይሆናል። ነገር ግን ያ ጀግና ለኃይሉ ዋጋ ያልከፈለ፣ ያስከፈለውም ያልተጠየቀበት ጀግና ይሆናል። እንዲህ ያለውን ጀግና አንባቢ እያደር እንደሚጠላው ከላይ ያየናቸው ምሳሌዎች ይመሰክራሉ። በሌላ በኩል እሳቱን ብቻ ሥሎ ሰውየውን በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚያሳይም ቢኖር ያው ባዶውን ክፉ ሰው ሣለ እንጂ ቴዎድሮስን አልሣለም። አገር አንድ ሊያደርግ የተነሣው ሰውና ጎንደርን ያቃጠለው ሰው አንድ መሆናቸው በሁለት ዓይን ሊሣል ይገባል።

በዘመናችን እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው «ጀምበር» የተባለው ኮሚክ ጀግናውን በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ አዲስ ምሩቅ አድርጎ አቅርቦታል። አጀማመሩ መልካም ነው። ወጣቱ አንባቢ ልዩውን ኃይል ከማየቱ በፊት የሚያውቀውን ችግር ያያል። የውጭውን የአሣሣል ዘዴ ወስዶ የራስን ኑሮ መሣልም የጎንደር ሠዓልያን ከሮም መጽሐፍ ጋር ያደረጉት ነገር ነው።

እንግዲህ ተማሪዎቻችን እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት በደብተራቸው ሥር ደብቀው ሲያነብቡ ስናገኛቸው ከመንጠቃችን በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች ብንጠይቃቸው ይሻላል። ጠላቱ ስንት ዓይን አለው? ጀግናው ከሞት ሲመለስ ምን ጎደለበት? ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? እነዚህን መመለስ የለመደ ልጅ ነገ የአገሩን ታሪክ ሲያነብብም ይጠይቃቸዋል።