«የለብህም» ሲባል

በእንግሊዝኛ ሰዋስው «ሞዳል ቨርብ» የሚባሉትን አንዳንዱ መምህር «ረዳት ግስ» ብሎ ያልፋቸዋል። ረዳትስ ረዳት ናቸው፤ ግን «ዱ»ም «ቢ»ም ረዳት ስለሆኑ ስሙ ይሰፋቸዋል። ሞዳል ከላቲኑ «ሞዱስ» የመጣ ነው፤ ልክ፣ አኳኋን እንደ ማለት። ስለዚህ እኔ «የአኳኋን ግስ» ብላቸው ደስ ይለኛል፤ «ሃቭ ቱ»ን የመሰሉትን ደግሞ «ከፊል የአኳኋን ግስ» (ረዘመ አይደል?)። የሚገርመኝ ትርጉማቸው ከኛው ጋር የሚገጥምበት ቦታ ነው። «ካን» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ማወቅ ነበር፤ እኛም «አማርኛ ይችላል» ስንል ያውቃል ማለታችን ነው። «ኦት» ዕዳን ከሚያመለክተው «ኦው» ጋር ዘመድ ነው፤ የኛም «አለብኝ» መቶ ብርንም ይይዛል፣ መሄድንም። ጣጣው አሉታው ላይ ነው። «ማስት ኖት ጎ» ክልከላ ነው፤ «ዶንት ሃቭ ቱ ጎ» ግን አትገደድም፣ ከፈለግህ ሂድ ማለት ነው። ሁለቱንም «መሄድ የለብህም» እያሉ መተርጎም ተማሪውን ያሳስተዋል። ለመጀመሪያው «እንዳትሄድ»፣ ለሁለተኛው «የግድ መሄድ የለብህም» ወይም «ባትሄድም ችግር የለውም» ቢባል ይለያል።