ጽዋው ሸክላ ሠሪዋ ቤት ሲገባ

በሱዳን ገዳሪፍ የምንኖር ሐበሾች ማኅበር የጀመርነው ሞት አስገድዶን ነው። ለሰሊጥ አጨዳ በመተማና በገላባት በኩል የሚገባው ሳሉግ የሚባል ወቅታዊ ሠራተኛ ሥራው ሲያልቅ ሁሉም አይመለስም። የቀረው ሻይ ያፈላል፣ ቀን ሥራ ይሠራል። ዘመድ የሌለው ሰው ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲሞት የሚቀብረው ያሻዋልና ወር በገባ በ21 የእመቤታችንን ጽዋ መጠጣት ጀመርን። ሱዳን ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሸሪዓ ሕግ መጠጥ ከልክላ ስለነበር ጠላው ቀርቶ ቅሪቦና ብርዝ ቀዳን። ዳቤውን ግን እንደ አገራችን ደፋን።

ከአገራችን ያመጣነው ዳቤውን ብቻ አልነበረም። በሰፈራችን ከጎንደር ገጠር የመጣች ሸክላ ሠሪ ነበረች። እንጀራችን የሚጋገረው በእሷ ምጣድ፣ ቡናችን የሚፈላው በእሷ ጀበና ነበር። ማኅበር ልግባ ስትል ግን «ጽዋ ከቡዳ ቤት አይገባም» ተባለች። ይህን ያሉት የሚጾሙ፣ የሚያስቀድሱ፣ የሚቆርቡ ሰዎች ናቸው። በእጇ የተሠራውን ምጣድ ሳይጸየፉ እጇን ተጸየፉ።

ስድቡ ድንበር ሲሻገር ያ የመጀመሪያው አይደለም። በዚሁ በገዳሪፍ ግዛት ኡም ራኩባ መጠለያ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በረሃብና በበሽታ አልቀዋል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. 8,000 ያህሉ ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ግን 4,000 ይደርሳሉ። አብረዋቸው ከተሰደዱት ክርስቲያኖች መካከል በዚያ መከራ ውስጥ እንኳ ቡዳ ብለው የሸሿቸው ነበሩ። ስድቡን ግን ሕጉም ሃይማኖቱም አይፈቅዱትም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አውጀዋል። ባርነትም በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቀርቷል። ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ በየዓመቱ ሰኔ 24 ሙሴ ጸሊምን ታስባለች፤ ባሪያ የነበረ፣ በጥቁረቱ የተጠራ ቅዱስ ነው። ሥዕሉን ተሳልሞ ጎረቤቱን «ሻንቅላ» ብሎ የሚጠራ ምእመን ምን ዓይነት ክርስትና እንደያዘ እኔ አይገባኝም።

በእኛ ማኅበር ነገሩን የቆረጡት አንድ አረጋዊ ቄስ ናቸው። ክርክሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ ጽዋው እሷ ቤት ካልገባ የማንንም ጽዋ አልባርክም አሉ። ተራዋ ደርሶ ቤቷ ስንሄድ መጀመሪያ የቆረሱትም፣ የጠጡትም እሳቸው ናቸው። ሁለት ሰዎች ማኅበሩን ጥለው ወጡ። አንደኛው ከዓመት በኋላ ተመለሰ፣ ሌላው እንደወጣ ቀረ። በኋላ ከመተማ ቆላ የመጣ፣ «ሻንቅላ» ሲባል የኖረ አንድ ጉሙዝ ሲገባ ማንም አልተከራከረም።

ከዚህ የከበደው የ2013ቱ ጦርነት ነው። ከትግራይ ከ60,000 በላይ ሰው በሐምዳይትና በሌሎች መግቢያዎች ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ ኡም ራኩባም እንደገና ተከፈተ። ኅዳር 20 እሑድ ስደተኞቹ በመጠለያው አቅራቢያ ባለችው ቤተ ክርስቲያን አስቀደሱ። በእኛ ማኅበር አማራውና ትግሬው ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው፤ በሁለቱም በኩል ሐዘን ገባ። ለማን ሙት ይጸለይ በሚል አንድ ቀን ልንለያይ ደረስን። ያዳነን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። በጸሎተ ፍትሐት የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፤ ወልደ ሚካኤልም ሆነ ወለተ ማርያም ዘርን አይናገርም። የሁላችንንም ሙታን በዚያ ስም አንድ ላይ አስጠራን። ቂሙ በአንድ ጊዜ አልሻረም፣ ጽዋው ግን አልተቋረጠም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ራሷ ጦርነት ገባች። ከካርቱም የሸሸው ሐበሻ በገዳሪፍ አድርጎ ወደ መተማ ጎረፈ፤ ከማኅበርተኞቻችንም ብዙዎቹ አብረው ገቡ። ሸክላ ሠሪዋም ከእነሱ ጋር ናት። አሁን ያለችው ስድቡ በተነሣበት አገር ነው። በጎንደርና በጎጃም ያላችሁ የነፍስ አባቶች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። የነፍስ ልጃችሁ ለኑዛዜ ሲመጣ ጾሙንና ስግደቱን ብቻ አትጠይቁት፤ ከቀጥቃጭና ከሸክላ ሠሪ ቤት ይበላ እንደሆነም ጠይቁት። አልበላም ካለ ንስሓ ስጡት።