የጣና ደሴቶች ንዋየ ቅድሳትና የጀብዱ ጨዋታ ድርሰት

ከአርኬኦሎጂ ግኝት ተነሥቶ የጀብዱ ጨዋታ መድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ ራሱን የቻለ የድርሰት ዘርፍ ከሆነ አርባ ዓመት አልፎታል። ጨዋታው በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረግ ነው፤ አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፥ የቀሩትም እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ጠባይ ይዘው ይህን አደርጋለሁ፥ በዚህ በኩል እገባለሁ እያሉ ይመልሱለታል፤ ነገሩ ባጠራጠረ ጊዜ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ተጥሎ ዕድል ይለየዋል። አንባቢ የልጆች ጉዳይ ነው ብሎ እንዳይንቀው እለምናለሁ። ብዙ ሰው ስለ ሩቅ አገር ቅርስ የመጀመሪያ ሐሳቡን የሚያገኘው ከጥናት መጽሐፍ ሳይሆን ከእንዲህ ያለው ነገር ይመስለኛል፤ ሐሳቡም ለጣና ደሴቶች ደግ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩን ለማስረዳት ከግብፅ አንድ ምሳሌ ላምጣ። ፈረንሳዊው ፒየር ሞንቴ በታኒስ ከ1929 ጀምሮ ሲቆፍር ቆይቶ በ1939 የነገሥታትን መቃብር አገኘ፤ የ2ኛው ሾሼንቅ የብር የሬሳ ሣጥን፥ በተከታዩም ዓመት የ1ኛው ፕሱሴኔስ የወርቅ ጭምብል ወጣ። ዓለም በጦርነት ተይዞ ስለ ነበር ግኝቱን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው። በ1981 ግን አንድ የአሜሪካ ሲኒማ ታኒስን የታቦተ ጽዮን መደበቂያ አደረገው፤ መነሻውም የግብፅ ንጉሥ ሺሻቅ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ እንደ መዘበረ የሚናገረው መጽሐፈ ነገሥት ነው። በ1982 አታሪ የተባለው ኩባንያ ይኸንኑ በቴሌቪዥን መስኮት የሚካሄድ ጨዋታ አደረገው፤ በ1984 ደግሞ ቲ.ኤስ.አር. የተባለው አሳታሚ በሲኒማው ጀግና በኢንዲያና ጆንስ ስም የጠረጴዛ ጨዋታ አወጣ። በመንገድ ላይ የተጣለው የዐሥር ዓመቱ ቁፋሮና የቆፋሪው ሠራተኛ ድካም ነው። የተጨመረው ምስጢራዊ ምልክት፥ ተቀናቃኝና ከሣጥኑ የሚወጣ መዓት ነው።

የታኒስና የጣና ስም መመሳሰል ያጋጣሚ ነገር ነው፤ የታቦቱ ወሬ ግን ወደ እኛ ሐይቅ መድረሱ አልቀረም። በጣና ቂርቆስ ገዳም ትውፊት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዱ በፊት 800 ዓመት በዚያ ደሴት ቆይቷል፤ መነኮሳቱም በጥንት ዘመን መሥዋዕት ይቀርብባቸው ነበር የሚሏቸውን ድንጋዮች ያሳያሉ። ግራሃም ሃንኮክ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ትውፊት ለብዙ የባሕር ማዶ አንባቢ አደረሰው። ይሁን እንጂ ሲኒማው የጠፋ የሚለውን ታቦት የኢትዮጵያ ምእመን በአክሱም ጽዮን ከነጠባቂው አለ ይላል። ለጀብዱ ደራሲ ችግሩ ይህ ነው፤ ድርሰቱ እንዲነሣ ዕቃው መጥፋት፥ ባለቤቱም መሞት አለበት።

ልማዱ ከጨዋታው ይቀድማል። የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ ታሪክ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሳሙኤል ጆንሰን፥ በ1759 ባወጣው በራስላስ ታሪክ የነገሥታት ሀብት በቤተ መንግሥቱ ዓምዶች ውስጥ ተሸሽጎ እንዲኖር አድርጓል። ይህንንም መጽሐፍ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውልናል።

ወደ ደሴቶቹ እንመለስ። በደጋ እስጢፋኖስ፥ በክብራን ገብርኤል፥ በናርጋ ሥላሴ፥ በዘጌም ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው ዘውድ፥ መስቀልና ብራና ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። በመጻሕፍቱ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ይቆጠራል፥ የሰጪው፥ የዘመኑ ንጉሥ፥ የአለቃውና የምስክሮቹ ስም ይጻፋል፤ በመጨረሻም የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ግዝት ይታከላል። የጨዋታ ደራስያን አብዝተው የሚወዱት እርግማን እዚህም አለ ማለት ነው፤ ባሕርዩ ግን የተለየ ነው። የፈርዖን እርግማን የሚባለው መቃብር የከፈተውን ሰው የሚገድል አስማት ሲሆን፥ ይህ ግዝት የንብረት ሕግ ነው፤ ባለቤቱን በስም ይጠራል፥ ምስክር ይቆጥራል። የሌባ የመጀመሪያ ሥራ የባለቤትነቱን ማስታወሻ ማጥፋት መሆኑን ጸሐፊው አስቀድሞ ስላወቀ ፋቂውን ከሰራቂው እኩል ይገዝተዋል። ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 የክብራንንና የሌሎቹን ደሴቶች መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቶ ከ1973 ጀምሮ ዝርዝራቸውን ሲያሳትም፥ መጻሕፍቱ በየቦታቸው ቀሩ። ለሊቃውንት ይህ ትልቅ ግኝት ነው፤ ለጀብዱ ደራሲ ግን ምንም ያልተወሰደበት ጉዞ ባዶ ጉዞ ነው።

የጀግናውን ሥራ በእውነት የሠሩ ሰዎች አልጠፉም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ያገኘውን ምርኮ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭኖ ወሰደ፤ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስም አብሮ ነበር። እውነቱ ካልተሸሸገ፥ ከብራናዎቹ ብዙዎቹን ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው ነበሩ። በ1932 ደግሞ የማርሴል ግሪዮል የጥናት ጓድ ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩትን ጥንታውያን ሥዕሎች አንሥቶ በምትካቸው አዲስ ቅጅ ለጠፈ፥ ጥንታውያኑን ወደ ፓሪስ ወሰደ። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1934 ያሳተመው የዕለት ማስታወሻ ቅርስ የተሰበሰበበትን መንገድ ብዙም ሳይሸፍን ይተርካል። ይህ በጨዋታ ደንብ ቢመዘን ሙሉ ድል ነው፤ ቄሱና ዲያቆኑ በዚያ ደንብ መሰናክል እንጂ ሰዎች አይደሉምና። የምከሰው ጨዋታውን ሳይሆን ይህንን ደንብ ነው።

ስለዚህ የጣና ታሪክ ለጨዋታ አይመችም አልልም። የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ በ1543 እስኪያበቃ ድረስ፥ ንዋየ ቅድሳት ከየብስ ወደ ደሴቶቹ እየተሻገረ መሸሸጉን የገዳማቱ ትውፊት ይናገራል። ከዚህ የሚነሣ ድርሰት ተጫዋቾቹን ገበዝ፥ መነኩሴ፥ ጸሐፊና ወይጦ ታንኳ ሠሪ ያደርጋቸዋል። በጉማሬ አዳኝነታቸውና በታንኳ ሥራቸው የታወቁት ነገደ ወይጦ በጀብዱ ድርሰት ውስጥ ቢገቡ ስም የሌላቸው ቀዛፊዎች ብቻ እንደሚሆኑ አልጠራጠርም፤ እዚህ ግን ያለ እነርሱ ጨዋታው አይጀመርም። የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፥ ከጉዞ በኋላም ወደ የብስ ወጥቶ መድረቅ ይፈልጋል፤ ብራና ደግሞ ርጥበት አይወድም። ወንጌሉ ይቅደም ወይስ መስቀሉ፥ የዕቃውን ዝርዝር ማን ይያዝ፥ ማንስ በየብስ ይቅር የሚለው ክርክር አንድ ሌሊት ሙሉ ተጫዋቾችን ሊይዝ ይችላል። አንድ ታንኳ ስንት መጽሐፍ ይችላል፥ በዚያው ሌሊት ሁለተኛ ጊዜስ ይመለሳል ወይ ለሚለው ደንብ የሚያወጣ ሰው ግን ወደ ባሕር ዳር ወርዶ ታንኳ ሠሪዎቹን መጠየቅ አለበት።