የባላገር ዘፈንና ባለቤቱ፦ ከሁሩሙ እስከ እምኩሉ

ከበደሌ ተነሥቶ በያዩ በኩል ወደ መቱ የሚጓዝ መንገደኛ መቱ ከመግባቱ በፊት ሁሩሙን ያገኛል። በዚያ አገር በደቦ፣ በቡና ለቀማ፣ በሠርግና በልቅሶ የሚሰማውን ዘፈን «የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «የሕዝብ ነው» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። እያንዳንዱን ዘፈን መጀመሪያ ያወጣው፣ ያስታወሰውና ለሌላው ያስተላለፈው ሰው ነበረና። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም የዚህን ሰው ዕጣ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ በሙያው ይተዳደራል፤ ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። በምዕራቡ የኦሮሞ አገር ግን ዘፈን በአብዛኛው የገበሬውና የከብት ጠባቂው እንጂ የተለየ ባለሙያ እንጀራ አልነበረም። ጌራርሳ በሚባለው የዘፈን ዓይነት ሰውየው አደኑን፣ ጀግንነቱን፣ ድህነቱንና በደሉን በራሱ አንደበት ይናገራል። ስለዚህ ዘፋኙ በመንደሩ ዝና ነበረው፤ ይሁን እንጂ የሚያውቁት ሰዎች ሲያልፉ ስሙም አብሯቸው ያልፋል።

ይህን ታሪክ የለወጠው ከሁሩሙ አካባቢ የወጣ ልጅ ነው። ሂካ የተባለው ይህ ልጅ የተወለደው በ1856 ገደማ ሲሆን፣ አባቱን በሕፃንነቱ አጥቶ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ። ከጌታ ወደ ጌታ ሲሸጥ ቆይቶ በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር በምጽዋ ነፃ አወጣውና በአቅራቢያዋ በእምኩሉ ለሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ሂካ የሚለው የኦሮምኛ ስም «የሚፈታ፣ የሚተረጉም» ማለት ሲሆን፣ ኦኔሲሞስ ነሲብም በስዊድን አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚሁ ሥራ ነው። ቀድመው ካሳተሟቸው ሥራዎች አንዱ የኦሮምኛ የመዝሙር መጽሐፍ ነበር። ከዚያም በ1893 ሐዲስ ኪዳን፣ በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ታተመ።

ይሁን እንጂ ኦኔሲሞስ ከአገራቸው የተለዩት በልጅነታቸው ስለነበር የቋንቋውን ለዛ በምልዓት የሚያውቅ ረዳት ያስፈልጋቸው ነበር። ይህን ክፍተት የሞሉት አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር ለባርነት ወደ ዓረብ ምድር ሲወሰዱ በ1886 የጣሊያን መርከብ አስጥሏቸው ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት የገቡ ወጣት ነበሩ። የኦሮምኛ ቃላት መዝገብ አዘጋጁ። ከዚህም ሌላ ወደ 500 የሚደርሱ ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና እንቆቅልሾችን ጻፉ። ከዚህ ክምችት ብዙው በ1894 በእምኩሉ በታተመው «ጀልቀባ በርሲሳ» በተባለው የንባብ መማሪያ ውስጥ ገባ። የባላገሩ ዘፈን መማሪያ መጽሐፍ የሆነው በዚህ ዓይነት ነው። ከቀዬዋ የተነጠቀች ልጅ ከእናቶች አፍ የሰማችውን በልቧ ይዛ ባሕር ዳር ድረስ ባትደርስ ኖሮ ያ ሁሉ ባልተጻፈ ነበር።

ነገር ግን በመጽሐፉ የርዕስ ገጽ ላይ የተጻፈው የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው። የአስቴር ድርሻ በሰፊው የታወቀው ቆይቶ፣ በታሪክ ተመራማሪዎች ድካም ነው። ለአስቴር ዘፈኖቹን ያሰሙት ሴቶችና ወንዶች ደግሞ ስማቸው ከቶ አልተመዘገበም።

ይህ ዕጣ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ «ካንትሪ» የሚባለው የባላገር ሙዚቃ ትልቅ ንግድ ለመሆን የበቃው የቪክተር ሸክላ ኩባንያ በ1927 ብሪስቶል በተባለች ከተማ የገጠር ዘፋኞችን ድምፅ ከቀረጸ ወዲህ ነው ይባላል። በዚያ ከተቀረጹት አንዱ ኤ. ፒ. ካርተር በኋላ በየተራራው እየዞረ የቆዩ ዘፈኖችን ሲሰበስብ፣ እሱ ግጥሙን ሲጽፍ ዜማውን በአእምሮው የሚይዝለት ሌስሊ ሪድል የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋች ነበር። ባለመብት ሆኖ የተመዘገበው ግን ካርተር ነው። ሪድል ከሙዚቃው ዓለም ርቆ ከኖረ በኋላ በ1960ዎቹ ማይክ ሲገር የተባለ ሙዚቀኛ ፈልጎ አግኝቶ ድምፁን ቀረጸው። እንግዲህ በሁለቱም አገር ዘፈኑን በጆሮው ያቆየው ሰው ስም ከጽሑፉ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ኦኔሲሞስና አስቴር በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በትምህርት ሥራ ተሰማሩ። ኦኔሲሞስ ተከሰው ከስብከት ቢታገዱም ማስተማራቸውን አላቋረጡም፤ በ1931 በነቀምት አረፉ። አስቴርም እስከ 1964 ድረስ በሕይወት ነበሩ። ሁለቱም የእኛው ሙያ ባልደረቦች፣ መምህራን ነበሩ።

ስለሆነም ጉዳዩ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌና በሁሩሙ የምናስተምር ሁሉ ተማሪዎቻችን የአያቶቻቸውን ዘፈን ጽፈው እንዲያመጡ እናዝዛለን፤ ወረቀቱንም አርመን እንመልሳለን። ከእንግዲህ በየወረቀቱ ራስጌ አራት ነገሮች ይጻፉ፦ የዘፈነው ሰው ስም፣ ከማን እንደተማረው፣ ቀበሌው፣ ዓመቱ። ዘፋኙ ስሙ እንዲጻፍ ፈቃዱ መሆኑም አስቀድሞ ይጠየቅ። ወረቀቱም በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። አስቴር ጋኖ በስደት ሆነው ዘፈኑን ካተረፉልን፣ በገዛ መንደራችን የምንኖር እኛ የዘፋኙን ስም መጻፍ አያቅተንም።