ከልብ ሕመም በኋላ የሚደረግ የማገገሚያ እንቅስቃሴ

ከልብ ሕመም በኋላ የሚደረግ የማገገሚያ እንቅስቃሴ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የደረሰበት፣ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰው አቅሙን በሂደት እንዲመልስ በሐኪም የሚታዘዝ ሕክምና ነው። እንደ መድኃኒት ሁሉ መጠንና ክትትል ይፈልጋል።

ሕክምናው ተቀባይነት ያገኘው ዘግይቶ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን በ1802 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራው፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ እየቆረጠ ከደረት ሕመሙ ለመዳን የተቃረበ ሰው ጠቅሶ ነበር። ያም ሆኖ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሕመምተኛው የተጎዳው ልቡ እንዳይቀደድ እየተባለ ለሳምንታት ከአልጋ አይነሣም ነበር። በ1952 አሜሪካውያኑ ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን ሕመምተኛው ቶሎ ወንበር ላይ ቢቀመጥ እንደሚሻለው ጻፉ። የመተኛት ጉዳት በግልጽ የታየው ግን በ1966 በዳላስ ነው፤ 5 ጤነኛ ወጣቶች 20 ቀን ተኝተው ሲነሡ ሰውነታቸው በኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወርዶ ተገኘ።

የሞተ የልብ ጡንቻ በእንቅስቃሴ ተመልሶ አይተካም። ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከልብ ውጭ ነው። የሠለጠነ የእግር ጡንቻ ከሚደርሰው ደም ብዙ ኦክስጅን መውሰድ ይለምዳል፤ የደም ሥሮችም በቀላሉ ይሰፋሉ። ስለዚህ ያው ሰው ያንኑ ዳገት በዚያው ፍጥነት ሲወጣ ልቡ የሚመታው ከበፊቱ ባነሰ ቁጥር ነው፤ የደከመው ልብ ሥራ ይቀልለታል።

እንቅስቃሴው የሚጀመረው ሆስፒታል ውስጥ፣ በመቀመጥና በኮሪደር በመራመድ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በባለሙያ ክትትል ይቀጥላል፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የእግር ጉዞ ተነሥቶ ቀስ በቀስ 30 ደቂቃ ይደርሳል። ደረታቸው ተከፍቶ የታከሙ ሰዎች አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ለሳምንታት ከባድ ዕቃ አያነሡም።

መጠኑን በልብ ምት ብቻ መለካት ያሳስታል፤ እንደ አቴኖሎል ያሉ መድኃኒቶች ምቱን ዝቅ አድርገው ይይዙታልና። ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ያወጣው ከ6 እስከ 20 የሚሄድ የድካም መለኪያ ለዚህ ያገለግላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 14 ያለው ይመከራል። ይህ በቀላሉ ሲገለጽ እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ድካም ነው። ደረት የሚያጨንቅ፣ ራስ የሚያዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር የሚያመጣ ከሆነ ወዲያው ማቆም ይገባል። ዕረፍት ላይም የሚመጣ የደረት ሕመም፣ ያልተረጋጋ የልብ ምት ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ሳይታከም አይጀምርም።

በኢትዮጵያ ብዙ ሕመምተኞች በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልባቸው ቫልቭ የተጎዳባቸው ወጣቶች ናቸው። ቫልቩ በጣም የጠበበ ከሆነ ጥገናው ይቀድማል። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ገብቶላቸው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስዱት ደግሞ ደም እንዳይፈሳቸው መጋጨትና መውደቅ ከሚበዛበት ስፖርት ይርቃሉ፤ የእግር ጉዞ ግን አይከለከሉም። በቤት ያለው አንዱ እንቅፋት ቤተሰቡ ከፍቅር የተነሣ «አትነሣ፣ እኛ እናመጣልሃለን» ማለቱ ነው፤ አሳቢነቱ እውነተኛ ቢሆንም ጡንቻውን ያከሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗም ዝቅ ባለ አገር ታክሞ የተመለሰ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጉዞውን ፍጥነትና ርዝመት ቀንሶ፣ ከዳገት ይልቅ ሜዳ መርጦ ይጀምራል።