ከማቀዝቀዣ ሥርዓት ጥገና በኋላ የሞተር ሙቀት ንባብ ሲዛባ የሚከናወኑ ፍተሻዎች

ራዲያተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት ወይም የውሃ ጎማ ከተቀየረ በኋላ የሙቀት መለኪያው ከወትሮው የተለየ ንባብ ሊያሳይ ይችላል። ይህ ምልክት ሁልጊዜ ሞተሩ ለመበላሸቱ ማረጋገጫ አይደለም። በመሆኑም መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ተጨማሪ መለዋወጫ ከመግዛት ወይም ሞተር ከማስፈታት በፊት ወጪ የማይጠይቁ ፍተሻዎችን ማስቀደም ይገባል። ይህ መረጃም ለተሽከርካሪ ባለንብረቶችና ለአሽከርካሪዎች በዚሁ ዓላማ ተዘጋጅቷል።

1. የከፍታና የራዲያተር ክዳን ግንኙነት

ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል። መርካቶን ጨምሮ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው የአዲስ አበባ አካባቢዎች ግን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አብዛኞቹ ቴርሞስታቶች ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ሙቀት መከፈት ስለሚጀምሩ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ይህን ልዩነት የሚያሰፋው የራዲያተር ክዳን ነው። 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ደህና ክዳን ግፊቱን አምቆ በመያዝ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ መለኪያው መካከል ላይ እያለ ውሃው የሚፈላና የሚገነፍል ከሆነ በቅድሚያ የክዳኑ ጎማና ሞላ ሊፈተሽ ይገባል።

2. የንባብ ዓይነቶችና የሚያመለክቱት ችግር

• መለኪያው በድንገት ወጥቶ ቢወርድ፣ የመኪናው ማሞቂያም ቀዝቃዛ አየር ቢሰጥ፦ በሥርዓቱ ውስጥ አየር ቀርቷል። ሴንሰሩ በውሃ ምትክ አየር ውስጥ ከሆነ ሞተሩ እየጋለም ዝቅተኛ ንባብ ሊያሳይ ይችላል።
• መለኪያው ረጅም መንገድ ተሂዶም ዝቅ እንዳለ ቢቀር፦ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል ወይም ተወግዷል። ቴርሞስታት አውጥቶ መንዳት የነዳጅ ፍጆታንና የሞተር መበላትን ስለሚጨምር አይመከርም።
• በትራፊክ መጨናነቅ ሙቀቱ ጨምሮ በጉዞ ላይ ቢቀንስ፦ ፋኑ፣ ቺንጋው ወይም የፋኑ የኤሌክትሪክ መስመር ይታይ።
• ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ እንደሚወስደው ባለ ዳገት ላይ ቢጨምር፦ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም ፓምፑ ደክሟል።
• ቀዝቃዛ ሞተር እንደተነሳ ወዲያውኑ ከፍተኛ ንባብ ቢታይ፦ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ይፈተሽ።
• የውሃ መያዣው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ፣ ነጭ ጭስ ወይም ከዘይት ጋር የተቀላቀለ ውሃ ቢታይ፦ የቴስታታ ጋስኬት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ተሽከርካሪው መነዳት የለበትም።

3. አየር የማስወጣት ቅደም ተከተል

ሀ. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የተሽከርካሪው ፊት ከፍ እንዲል አድርጎ ማቆም፤
ለ. ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈትና ራዲያተሩን በአምራቹ በተመከረው ኩላንት ቀስ በቀስ መሙላት፤
ሐ. ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር በማስነሳት፣ የላይኛው የውሃ ጎማ እስኪሞቅና አረፋው እስኪያቆም የጎደለውን መተካት፤ ፈሳሹ መፍላት ከጀመረ ግን ርቆ ሞተሩን ማጥፋት፤
መ. ክዳኑን መግጠም፤ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላም መጠኑን እንደገና ማየት።

እንደ ዓባይ በረሃ ያለ ረጅም ቁልቁለትና ዳገት ወዳለበት መንገድ ከመውጣት በፊት በከተማ ውስጥ የሙከራ ጉዞ ማድረግ ይመከራል።

4. የጥንቃቄ ማሳሰቢያ

ሞተር በጉዞ ላይ ከጋለ ተሽከርካሪውን ከመንገድ አውጥቶ ማጥፋት ያስፈልጋል። የጋለ ራዲያተር ክዳን ሲከፈት የሚፈናጠረው ውሃና እንፋሎት ከባድ ቃጠሎ ስለሚያደርስ ጎማው በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግዴታ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

5. በግዢና በጥገና ወቅት

ቴርሞስታትና ክዳን ሲገዛ በላያቸው የተጻፈው የዲግሪና የግፊት ቁጥር ከተሽከርካሪው መመሪያ ጋር መመሳከር አለበት። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ተደንግጓል። ስለሆነም ደረሰኝ መቀበል፣ የተቀየሩ ዕቃዎችን ዝርዝር በጽሑፍ መያዝና አሮጌውን ዕቃ መረከብ ለሚነሳ ቅሬታ አስተማማኝ ማስረጃ ይሆናል።