ያለ እንቁላል የሚሠራ ማዮኔዝ፦ የአንድ ቅልቅል ታሪክ

ዘይትና ውሃ እንደማይዋሐዱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሁለቱን በአንድ ዕቃ ጨምሮ በኃይል የመታቸው ሰው ለጊዜው ያዋሐዳቸው ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ጥቂት ቆይቶ ዘይቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃውም ከሥር ይቀራል። ማዮኔዝ የተባለው የማዕድ ማጣፈጫ ይህን የተፈጥሮ ጠባይ ለማሸነፍ የተገኘ ብልሃት ነው። ብልሃቱ በእንቁላል አስኳል ላይ ብቻ የቆመ መስሎ ለረጅም ጊዜ ቢታይም፣ ታሪኩን በቅደም ተከተል የተመለከተ ሰው እንቁላል አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው መንገድ እንዳልነበረ ይረዳል። ነገሩ የወጥ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ምርት የሚታወቀው በተሠራበት ነገር ነው ወይስ በሚሰጠው አገልግሎት? ይህ የደረጃና የሥራ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ባለሙያ ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ ነው።

ስለ ማዮኔዝ አመጣጥ በብዙ የሚነገረው ታሪክ ከ1756 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ዓመት የፈረንሳዩ መስፍን ሪሽልዮ በሜዲትራንያን ባሕር የምትገኘውን የሚኖርካን ደሴት ከእንግሊዞች እጅ አስለቀቀ፤ ለድሉ ግብዣ የተሠራው ማጣፈጫም ማኦን በተባለው የደሴቲቱ ወደብ ስም ተጠራ ይባላል። ይህ አፈ ታሪክ በማስረጃ የጸና አይደለም። በጽሑፍ የቆየው ምስክር ግን ይበልጥ የሚያስገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 የታተመው የፈረንሳዊው የቪያር የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማዮኔዝ ብሎ የገለጸው እንደ ጄላቲን የሚረጋ፣ ኮምጣጤ የገባበት መረቅ ሲሆን፣ እንቁላል የሚጨመርበት እንደ ወጥ ሠሪው ፈቃድ ነበር። በስፔን አገር በካታሎኛ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት በሙቀጫ እየተወቀጠ፣ የወይራ ዘይት ጠብ ጠብ እየተደረገበት የሚዘጋጅ አሊዮሊ የሚባል ማጣፈጫ አለ። የስሙ ትርጉም «ነጭ ሽንኩርትና ዘይት» ነው፤ በጥንታዊው አሠራርም እንቁላል አይገባበትም።

እንግዲያስ እንቁላል የበላይነቱን እንዴት ሊይዝ ቻለ? ምክንያቱ አስተማማኝነቱ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ቴዎዶር ጎብሌ በ1840ዎቹ ከእንቁላል አስኳል ውስጥ አንድ ልዩ የቅባት ዓይነት ለይቶ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1850ም አስኳል ከሚለው የግሪክ ቃል በመነሣት ሌሲቲን ብሎ ሰየመው። የዚህ ንጥረ ነገር ሞለኪውል አንዱ ወገን ውሃን፣ ሌላው ወገን ዘይትን የሚወድ ነው። በመሆኑም በሁለቱ መካከል እንደ ሽማግሌ ቆሞ ያስታርቃቸዋል። የአስኳሉ ፕሮቲኖችም እያንዳንዱን የዘይት ጠብታ ከበው አንዱ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል ይከለክላሉ።

የሥራውን ክብደት በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ዲያሜትራቸው 5 ማይክሮሜትር ወደሆነ ጠብታዎች ቢከፋፈል፣ የጠብታዎቹ ጠቅላላ የገጽ ስፋት 240 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህም ማለት በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ዘይት አንድ መኖሪያ ቤት ከነግቢው ሊያርፍበት የሚችል ቦታን ያህል ወለል ይዘረጋል፤ ይህን ሁሉ ወለል የሚሸፍነው በጥቂት ማንኪያ የሚለካ አስታራቂ ነው። ዘይቱ በመጀመሪያ በጠብታ የሚጨመረውም በዚህ የተነሣ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢፈስስ፣ አስታራቂው ወለሉን ለመሸፈን ጊዜ ስለማያገኝ ቅልቅሉ ይፈርሳል። ጠብታዎቹ እየበዙ እርስ በርስ ሲጨናነቁ ግን፣ ሁለት ቀጫጭን ፈሳሾች በማንኪያ ተዝቆ እንደሚቆም ቅቤ ያለ ወፍራም ነገር ይሆናሉ።

ማዮኔዝ ከማዕድ ቤት ወደ ፋብሪካ የተሸጋገረው በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ነው። ከጀርመን የፈለሰው ሪቻርድ ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1905 በኒው ዮርክ ከተማ የምግብ መደብር ከፈተ፤ በ1912ም ማዮኔዙን በጠርሙስ አሽጎ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ለምርቱ ሕጋዊ ትርጉም ሰጠው። ደንቡ ማዮኔዝ ከክብደቱ ከ65 በመቶ የማያንስ የአትክልት ዘይት፣ የእንቁላል አስኳልና ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ያለበት መሆን አለበት ይላል። ዓላማው ዘይት ቀንሶ ውሃ የሚሸጠውን ነጋዴ መከላከል ስለነበረ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በቪያር ዘመን በፈቃድ የሚገባው እንቁላል በዚህ ድንጋጌ ግዴታ ሆነ።

በሌላ በኩል በጥሬ እንቁላል ላይ ያለው እምነት እየተናጋ ሄደ። በ1980ዎቹ ሳልሞኔላ ኢንተሪቲዲስ የተባለው ባክቴሪያ በእንቁላል አማካይነት በአውሮፓና በአሜሪካ ሕመም አስፋፋ። በብሪታንያ የጤና ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር የነበሩት ኤድዊና ከሪ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ስለዚሁ በተናገሩት ቃል ምክንያት ከሥልጣን እስከ መልቀቅ ደርሰዋል። ፋብሪካዎች አስኳሉን በሙቀት አክመው ይጠቀማሉ፤ በቤቱ የሚሠራ ሰው ግን ይህ መሣሪያ የለውም። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋዊ ጥሬ እንቁላል የሌለበት አሠራር መገኘቱ የጣዕም ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የሄልማን ምርት ባለቤት የነበረው ዩኒሊቨር፣ ከአተር ፕሮቲን «ጀስት ማዮ» የተባለ ምርት የሚያዘጋጀውን ሃምፕተን ክሪክ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ «እንቁላል የሌለበትን ማዮ ብለህ ልትጠራ አይገባም» በማለት ከሰሰው፤ ሆኖም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ክሱን አነሣ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በነሐሴ 2015 ለኩባንያው ማስጠንቀቂያ ቢጽፍም፣ ኩባንያው እንቁላል አለመኖሩን በጉልህ ጽፎ ስሙን ይዞ እንዲቀጥል በዓመቱ መጨረሻ ስምምነት ተደረሰ። ዩኒሊቨርም ራሱ ብዙም ሳይቆይ እንቁላል የሌለበትን ማጣፈጫ ለገበያ አቀረበ። በዚያው በ2015 በአሜሪካ የወፍ ጉንፋን ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ዶሮዎችንና ተርኪዎችን አጥፍቶ የእንቁላል ዋጋ ስለናረ፣ አማራጭ የመፈለጉ ነገር ይበልጥ ተጠናከረ።

ትልቁ ግኝት ግን ከፋብሪካ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ፈረንሳዊው ጆኤል ሮሰል የጥራጥሬ መቀቀያ ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚያወጣ አስታወቀ። በመጋቢት 2015 ደግሞ አሜሪካዊው የሶፍትዌር መሐንዲስ ጉስ ዎልት የሽምብራ ውሃና ስኳር ብቻውን እንደሚበቃ አሳየ፤ ውሃና ባቄላ ከሚሉ የላቲን ቃላትም አኳፋባ የሚለውን ስም አወጣለት። ምሥጢሩ ሽምብራው ሲቀቀል ወደ ውሃው የሚለቀው ፕሮቲን፣ ስታርችና ሳፖኒን ነው። ሳፖኒን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ በእንዶድ ልብስ ሲታጠብ የሚታየው አረፋ ከዚሁ ንጥረ ነገር ወገን የሚመጣ ነው፤ ምንም እንኳ እንዶድ ራሱ የሚበላ ባይሆን።

በቤት ውስጥ አሠራሩ ቀላል ነው። ያደረ ሽምብራ ተቀቅሎ ሲበስል ውሃው ተጠልሎ፣ ሲቀዘቅዝ እንደ እንቁላል ነጭ እስኪልመዘመዝ ድረስ በእሳት ይመጠናል። ከዚህ 45 ሚሊ ሊትር፣ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጭማቂ 15 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭና ጥቂት ጨው በመፍጫ ማሽን ውስጥ ይመታሉ፤ ማሽኑ ሳይቆም 200 ሚሊ ሊትር ዘይት መጀመሪያ በጠብታ፣ ኋላም በቀጭን ፈሳሽ ይጨመራል። ሰናፍጩ ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም፤ ጠብታዎቹን ለይቶ በመያዝ ያግዛል። ቅልቅሉ ከፈረሰ መጣል አያስፈልግም፤ በሌላ ዕቃ ጥቂት የሽምብራ ውሃ ይዞ የፈረሰውን በላዩ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ እንደገና መምታት ይበቃል። እንቁላል የለበትም ተብሎ ግን ጥንቃቄ ሊጓደል አይገባም፤ አሲዱን ሳይቀንሱ፣ በማቀዝቀዣ አኑረው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጨረስ ይገባል።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናትና በየረቡዕና ዓርቡ እንቁላል ከማይበላበት ማዕድ አንጻር ሲታይ ይህ ዕውቀት ሙሉ በሙሉ አዲስ አይደለም። ሱፍ ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ፣ ዘይቱ በዘሩ ፕሮቲን ተይዞ በውሃ ውስጥ የተበተነበት ቅልቅል ነው። የባቄላ ዱቄት፣ የሱፍ ውሃና ሰናፍጭ የሚገናኙበት ስልጆም የዚሁ ዕውቀት ዘመድ ነው። ኬሚስቶች ስም ሳያወጡለት እናቶች ሲሠሩበት ኖረዋል።

ከላይ በተጠቀሰው መጠን የሚሠራው የሽምብራ ቅልቅል የዘይት ድርሻ ከክብደቱ ከ70 በመቶ በላይ ነው፤ ይኸውም የአሜሪካው ደንብ ከሚጠይቀው 65 በመቶ ይበልጣል። በውፍረቱም፣ በአገልግሎቱም ማዮኔዝ ሲሆን በስሙ ብቻ ማዮኔዝ አይደለም። ገዢው የሚበላውን የማወቅ መብት ስላለው ስያሜ በእውነት ላይ መመሥረት ይኖርበታል፤ ስለዚህ የ2015ቱ ስምምነት «እንቁላል የሌለበት» የሚለውን ቃል በጉልህ ማስጻፉ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ደረጃ የሚያወጣ ባለሙያ ትናንት የተሠራበትን ነገር ብቻ በግዴታ ሲያሰፍር፣ ነገ የሚገኘውን የተሻለ መንገድ ሳያውቅ ይዘጋል። የሚፈለገውን ውጤት በልክ ማስፈር፣ የተሠራበትን ነገር ደግሞ በግልጽ ማስነገር ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል።